በክረምት አደን የደጋኑ ክር ጃኬት እየነካ ፍላጻ ሲያስት ምን ይደረጋል?

ሰሜን_ኮከብ
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እዚህ ሚኒሶታ የአጋዘን የደጋን አደን ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር 31 ክፍት ነው። መጀመሪያ ላይ በካናቴራ የሚሳበው ደጋን መጨረሻ ላይ በወፍራም ጃኬት ይሳባል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ደጋኑ ኮምፓውንድ (ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው)፣ የመሳቢያ ክብደቱ (ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት) 60 ፓውንድ፣ ብሬስ ሃይቱ (ክሩ ሳይሳብ ከመያዣው ያለው ርቀት) 6 ኢንች ተኩል ነው፤ የምስበው በቀኝ እጅ ነው። በ20 ያርድ በቀጭን ልብስ ፍላጾቹ ተጠጋግተው ይሰካሉ። ጃኬት ሲደረብ ግን አንዳንዶቹ ደህና ይሄዳሉ፣ አንዳንዶቹ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ ይወጣሉ፣ አልፎ አልፎም ዝቅ ይላሉ። ስለቅ «ጧ» የሚል ድምፅ አለ። ሳይቱን (ማነጣጠሪያውን) ላስተካክል ወይስ ልብሱን ልቀይር? የክንድ መከላከያው ማሰሪያ ደግሞ አጭር ስለሆነ ከጃኬቱ በላይ አይገጥምም።

ካም_እና_ክር
ሳይቱን አትንካው። ሳይት የሚስተካከለው ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። የጃኬት እጥፋት ግን አንዴ ክሩ መንገድ ላይ ይገኛል፣ አንዴ አይገኝም። ዛሬ ብታስተካክለው ያልነካው ፍላጻ ነገ በቀኝ በኩል ይስታል።

ወደ ግራ የሚሄድበት ምክንያት ይኼ ነው፦ በቀኝ ለሚስብ ሰው ደጋኑን የያዘው ክንድ ከክሩ በስተግራ ነው ያለው። ክሩ ወደፊት ሲወረወር እጅጌውን ገጭቶ ወደ ቀኝ ይገፋል፣ የፍላጻውን ጭራ ይዞት ይሄዳል፣ ጫፉም ወደ ግራ ይዞራል። ግጭቱ ጉልበት ስለሚበላ ዝቅ ማለቱ ከዚያ የመጣ ነው። በግራ ለሚስብ ሰው ተቃራኒውን አስቡት።

አሁን ደግሞ የት ጋ ነው የሚነካው? የደጋንህ ብሬስ ሃይት 6 ኢንች ተኩል ከሆነ፣ ክሩ ባልተሳበ ጊዜ ከመያዣው ጉድጓድ ወደ 16 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይርቃል። ከዚያ ላይ እስከ እጅ አንጓ ያለውን 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ቀንስ። ስለዚህ ክሩ የሚያርፈው ከአንጓህ ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ክርን ገባ ብሎ ነው፤ ፍላጻውም ከክሩ የሚላቀቀው እዚያ አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ክርን ባለው በኩል የሚነካ ሁሉ ፍላጻው ገና ክሩ ላይ እያለ ይነካዋልና ያስትሃል። ወደ አንጓ ባለው በኩል የሚነካው ግን ፍላጻው ከሄደ በኋላ ነው፤ ድምፅ ያሰማል፣ እጅጌውን ይበላል፣ ዒላማህን ግን አያበላሽም። ሰው ሁሉ የጓንቱን ጠርዝ ሲያስር ይውላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ክንድ ሲነሳ ክርን ላይ የሚጠራቀመው ትርፍ ጨርቅ ነው። ረጅም አንገት ያለው ጓንት ከሆነ ግን እሱም 9 ሳንቲ ሜትሩን አልፎ ሊገባ ይችላል።

ፈጣኑ
ይኼን ሁሉ ሂሳብ ምን አመጣው? ፍላጻ ሳታስገባ ሁለት ሦስቴ ሳብና ልቀቀው፣ የሚነካበትን በድምፁ ታውቀዋለህ። ከዚያ እጅጌውን በሰፊ ፕላስተር ጠምጥመው፣ አለቀ።

ካም_እና_ክር
ይኼን ምክር ማንም እንዳይሞክረው! ባዶ ደጋን አይለቀቅም። ፍላጻው ይዞት መሄድ የነበረበት ጉልበት ተመልሶ ክንፎቹ (ከመያዣው በላይና በታች ያሉት የሚለመጡት ክፍሎች)፣ ካሞቹ (ጫፎቹ ላይ ያሉት መዘውሮች) እና ክሩ ላይ ነው የሚያርፈው። ክሩ ከካሙ ሊወጣ፣ ክንፉ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስብርባሪውም ወደ ፊት ነው የሚመጣው። በብርድ ላይ ደግሞ ይብሳል እንጂ አይሻልም።

ፕላስተሩም ቢሆን አይመከርም። ብርድ ላይ ሙጫው ይደርቃል፣ እርጥብ ናይሎን ላይ አይይዝም፣ ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ጫካውን ያነቃዋል። አጥብቀህ ከጠመጠምከው ደግሞ በጃኬቱ ውስጥ ያለውን አየር ትጨምቀዋለህ፤ ሙቀቱን የሚይዘው ግን ያ አየር ነው።

መፈተሽ ከፈለግህ እንዲህ አድርግ። ለማማው (ዛፍ ላይ ለሚታሰረው የአደን መቀመጫ) የምትለብሰውን በሙሉ ልበስ፦ ጓንት፣ ኮፍያ፣ የአንገት መሸፈኛ፣ የደህንነት ቀበቶ፣ ባይነኩላር የምታነግት ከሆነ እሱንም። የእግር ሽታ የሚነፋበት ነጭ ፓውደር አለ አይደል? እሱን እጅጌህ ላይ ከአንጓ እስከ ጡንቻ፣ ከዚያም በደጋን ክንድህ በኩል ያለውን ደረትህን ንፋበት። ልብሱ ጥቁር ካልሆነ ፓውደሩን ትተህ ክሩ ላይ፣ ፍላጻው ከሚገጥምበት ዝቅ ብሎ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊፕስቲክ ቀባ። ከዒላማው 5 ያርድ ቁም፣ ፍላጻ አስገባ፣ ልቀቅ። ከእያንዳንዱ በኋላ ልብስህን እይ፤ ክሩ የነካውን ቦታ መስመር አድርጎ ይጠርገዋል።

መስመሩ ክርን አጠገብ ብቻ ከሆነ ትርፍ ጨርቅ ነው ወይም ክርንህን አላዞርከውም። ደረት ላይ ብቻ ከሆነ የጃኬቱ ፊት ነው። ሁለቱም ላይ ከሆነ የአቋም ነገር ነው፤ አለዚያም የመሳቢያ ርዝመትህ (ክሩን ወደ ኋላ የምትስብበት ርቀት) ከልክ በላይ ነው፤ ማሰሪያ ብቻውን አያድንህም።

እቴ_ፍላጻ
ከማሰሪያው በፊት አቋም ይታይ ባይ ነኝ። ብዙ ሰው በካናቴራ ጊዜ በሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ያመልጥ የነበረውን ስህተት ጃኬቱ ሲደረብ ነው የሚያውቀው።

አንደኛ፣ አያያዝ። ደጋኑን በጡጫ አትጨብጠው። የመዳፍህ የአውራ ጣት በኩል ያለው ሥጋ ብቻ መያዣው ላይ ይደገፍ፣ የጣቶችህ አንጓዎች ወደ 45 ዲግሪ ያጋድሉ። እጅ ቀጥ ብሎ ሲጨብጥ ክንዱ ራሱ ወደ ክሩ ይገባል። ወፍራም ጓንት ደግሞ በግድ ያስጨብጣል፤ ስለዚህ ደጋኑን በሚይዘው እጅ ቀጭን ጓንት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ክርን። መዳፍሽን ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ (አንተም ወንድሜ) መዳፉ ሳይነቃነቅ ክርንን ብቻ ማዞር ሞክሩ። የክርን እጥፋት መጀመሪያ ወደ ሰማይ ያያል፤ ሲዞር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያን ስታደርጉ የክንዱ የውስጥ ሥጋ ከክሩ መንገድ ሲሸሽ በዓይን ይታያል። ደጋን ይዛችሁም እንደዚያው ነው፤ ክርኑንም ትንሽ ላላ አድርጉት፣ ገትራችሁ አትቆልፉት።

ሦስተኛ፣ እግር። በቀኝ ለሚስብ ሰው የግራ እግሩን ከዒላማው መስመር ጥቂት ወደ ግራ መለስ ቢያደርገው ደረቱ ይከፈታል፤ ጃኬቱም ክንዱም ከክሩ ይርቃሉ። ማማ ላይ ቆሞ ቦታ ይጠብባል፣ ግን 15 ወይም 20 ዲግሪ እንኳ ለውጥ ያመጣል። ተቀምጦ ለሚስብ ሰው ወንበሩን ማዞር ነው ያለው አማራጭ። ደግሞ ተቀምጣችሁ ስትሞክሩ የታችኛውን ካም እዩት፤ ወፍራም ሱሪ ላይ ጭን ሊነካ ይችላል፣ የዚህ ጣጣው ከእጅጌው ይበልጣል።

ባለ_ሪከርቭ
እህቴ ያለችው ሁሉ ለእኛም ይሠራል፣ በእኛ በኩል የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ። የኦሎምፒክ ዓይነት 70 ኢንች ሪከርቭ (መዘውር የሌለው፣ ጫፎቹ ወደፊት የተቆለመሙ ደጋን) ብሬስ ሃይቱ ወደ 9 ኢንች ስለሚጠጋ ትንሽ ይምራል። ቀጥ ያለው የጥንት ዓይነት ረጅም ደጋን ግን ከ6 እስከ 7 ኢንች ነው፤ ክሩ ወደፊት ርቆ ስለሚሄድ ክንድ ይመታል። ክሩን ፈትቶ በጥቂት ዙር ቢጠማዘዝ ያጥራል፣ ብሬስ ሃይቱም ሩብ ኢንች ያህል ይጨምራል። ሠሪው ከሰጠው ክልል ግን አትውጡ፤ ፍላጻው የሚገጥምበትን ምልክትም መልሳችሁ ለኩ።

በጣት የምንስብ ሰዎች ከጣት መከላከያው ሥር ወፍራም ጓንት ማድረግ አንችልም፤ ክሩ ከጣት ላይ በእኩል አይለቅም። እጅን ማሞቅ ነው ያለው።

ሰሜን_ኮከብ
እግዜር ይስጥልኝ። በፓውደሩ ሞከርኩት፤ መስመሩ ልክ ከክርን በታች ነው፣ ደረት ላይም የዚፑ ጫፍ አጠገብ ትንሽ ጭረት አለ። አያያዙን አስተካክዬ ክርኔን ሳዞር ክንዱ ላይ ያለው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አሁን ማሰሪያውን ንገሩኝ። ደረቱንስ?

ልብስ_ሰፊው
ማሰሪያው ላይ እኔ ልምጣ። ትልቁ ስህተት ጨርቁን በክንዱ ዙሪያ እኩል መጨፍለቅ ነው። ትርፉን ጨርቅ በሌላ እጅህ ቆንጥረህ ወደ ክንድህ ውጭ፣ ማለትም ክሩ ወደሌለበት ጎን ጎትተህ እጠፈው፤ ከዚያ ነው የሚታሰረው። ውስጠኛው ጎን ሲወጠር ብዙ ማጥበቅ አያስፈልግም። አንድ ጣት ከማሰሪያው ሥር የማትገባ ከሆነ ጠብቋል፤ ደም ካልደረሰ ጣት አይሞቅም።

ሁለት ቦታ እሰር፦ አንዱ ከክርን በታች አራት ጣት ያህል፣ አንዱ ከክርን በላይ። የላይኛውን የሚዘነጋው ብዙ ነው፤ ክንድ ሲነሳ ትርፉ ከትከሻ እየወረደ ክርን ላይ የሚከማቸው እኮ ከዚያ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ ጥሩ ነው፤ ቀጭኑ ገመድ ይሆናል፣ በሁለቱም በኩል ጨርቁን ያሳብጠዋል። ዘለበቱም ቬልክሮውም በውጭ ጎን ይሁን። ክሩ ዘለበት ቢያገኝ ጃኬት ከመንካቱ የባሰ ነው።

መከላከያህ አጭር ማሰሪያ ካለው ጣለው አልልህም። በሁለቱ ጫፍ መካከል የ10 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ አስገብተህ ብትሰፋበት ከጃኬቱ በላይ ይደርሳል። ከአንጓ እስከ ክርን አልፎ የሚሄደውን ረጅሙን ዓይነት ብታገኝ ደግሞ የተሻለ።

ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ሰው ረጅም የኳስ ካልሲ ይውሰድ። የእግር ጣቱንና ተረከዙን ቆርጦ ይጣል፣ የቀረውን እጅጌው ላይ ይሳበው። ቁጥሩ ተለቅ ያለ ይሁን። ድምፅ የለው፣ ዘለበት የለው፣ ክሩ ቢነካው እንኳ ይንሸራተታል። እንደ እኔ ከሚሸጡት ግማሾቹ ይልቃል።

ዘላቂውን ከፈለግህ የዚያን ጃኬት የግራ እጅጌ አስጠብበው። ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄድ ጃኬቱን ከውስጥ ልብሱ ጋር ለብሰህ፣ ክንድህን ደጋን እንደያዝክ ዘርግተህ ይለካህ። ክንድህን አውርደህ ካስለካህ ስትስብ ብብትህን ይይዝሃል።

እቴ_ፍላጻ
ደረቱን በተመለከተ መጀመሪያ የሚንጠለጠለውን ሁሉ አስወግድ፦ የኮፍያ ገመድ፣ የዚፕ መጎተቻ፣ የአንገት ቁልፍ፣ ሻርፕ። ገመዶቹን ወደ ውስጥ ክተታቸው፣ ወይም ጨርሰህ አውጣቸው። ሻርፕ አያስፈልግም፤ ወደ ጃኬቱ የሚገባ የአንገት መሸፈኛ ይተካዋል። መርፌ ቁልፍ እንዳትጠቀሙ፣ ክሩን ይበላዋል።

ከዚያ የደረት መከላከያ። በደጋን ክንድ በኩል የሚደረግ፣ በላስቲክ የሚያዝ መረብ ነው፤ ለሴት ብቻ የመሰላቸው አሉ፣ የውድድር ወንዶች ሁሉ ያደርጉታል። ለክረምት ከጃኬቱ በላይ ስለሚደረግ ሁለት ቁጥር ተለቅ ያለውን ግዛ። በካናቴራ ላይ የሚገጥምህ ጃኬት ላይ ሲደረግ ትከሻህን ይጎትታል፣ ሳትስብ ያደክምሃል።

ጋሼ_ማማ
ልጄ፣ የደህንነት ቀበቶህንም አትርሳው። የዛፍ ማማ ላይ ያለ ሙሉ ቀበቶ ማንም አይወጣም፤ ግን ያው ቀበቶ ጃኬቱን ጨምድዶ ደረት ላይ ሊያከማቸው ይችላል። ቀበቶውን ከማጥበቅህ በፊት የጃኬቱን ፊት ወደ ታች ጎትተህ አለስልሰው፤ የደረቱ ዘለበት መሐል ይሁን። ከጀርባህ ወደ ዛፉ የሚሄደው ማሰሪያም ይታይ። በቀኝ የሚስብ ሰው ወደ ቀኝ በጣም ሲዞር ማሰሪያው በብብቱ በኩል ወደፊት ይመጣና በክሩና በሰውነቱ መካከል ይገባል። ገና ሳይነጋ፣ ፍላጻ ሳይገባ፣ በየአቅጣጫው ዞረህ እየው።

ሌላው ብርቱካናማው ሰደርያ ነው። የጠመንጃ አደን ክፍት በሆነበት ጊዜና ቦታ፣ በአፈ ሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃ ወቅትም ጭምር፣ ደጋን የያዘውም ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መልበስ አለበት። ሕጉ ኮፍያውንና ከወገብ በላይ ያለውን ነው የሚለው፤ እጅጌና ጓንት አይጨምርም። ስለዚህ እጅጌው ላይ የምታስረው ጥቁርም ቢሆን ችግር የለውም። ያ በርካሽ የሚሸጠው ሰፊ ሰደርያ ግን ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ሲያገኘው ክሩ ላይ ይበራል። በጎን የሚታሰረውን ወይም በዚፕ የሚዘጋውን ግዛ፣ ወይም ራሱ ብርቱካናማ የሆነ ጠበብ ያለ ጃኬት ልበስ። ኮፍያውም ከፊት ጥላ ያለው ከሆነ ክሩ ጫፉን ሊነካ ይችላል፤ የሱፍ ቆብ ይሻላል። የየዓመቱን የደንብ መጽሔት አንብቡ።

ፈጣኑ
እሺ፣ ባዶ ስለ መልቀቁ ተቀብያለሁ። ግን ከዚህ ሁሉ የመሳቢያውን ርዝመት ግማሽ ኢንች ማሳጠር አይቀልም? ሞጁሉን (ካሙ ላይ ርዝመቱን የሚወስነውን ቁራጭ) ማዞር ብቻ ነው።

ካም_እና_ክር
ይህ ጥያቄ ደህና ነው። ግማሽ ኢንች ስታሳጥር ክሩ ከደረት ይርቃል፣ ክንድህም ላላ ይላል። ግን በነፃ አይደለም፦ ፍጥነት በሰከንድ 5 ጫማ ያህል ይቀንሳል፣ ፒፑ (ክሩ ውስጥ ያለው የማያ ቀዳዳ) ከዓይንህ ፊት ይንቀሳቀሳል፣ እጅህ መንጋጭላህ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል፣ ሳይቱ እንደገና መስተካከል አለበት። እኔ የምለው መጀመሪያ አቋም፣ ቀጥሎ ማሰሪያ፣ ያም ካልበቃ ነው ሞጁል። ካሳጠርክም ለአንድ ቀን አይሆንም፤ የክረምቱን ልብስ ለብሰህ አስተካክለህ እስከ ወቅቱ መጨረሻ እንዲያው ተወው።

ከርዝመቱ ይልቅ ክብደቱን መቀነስ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። የተቀዘቀዘ ጡንቻ 60 ፓውንድ ሲከብደው ሰው ደጋኑን ወደ ሰማይ እያነሳ ይታገላል፤ ትከሻው ይነሳል፣ ጃኬቱ ወደ አንገቱ ይሰበሰባል፣ ክርኑም ተመልሶ ይዞራል። ተቀምጠህ፣ በሙሉ ልብስ፣ ደጋኑን ዒላማው ላይ እንዳነጣጠርክ በቀስታ ሳብ። ካልቻልክ ከብዶሃል። የክንፎቹን ብሎን ላይኛውንም ታችኛውንም እኩል አላላ፤ አንድ ሙሉ ዙር 2 ወይም 3 ፓውንድ ያህል ይቀንሳል። ሠሪው ከፈቀደው ዙር በላይ አትሂድ፣ ብሎኑ ሊወጣ ይችላል። ሚኒሶታ ለአጋዘን ቢያንስ 30 ፓውንድ ነው የሚጠይቀው፤ ከ60 ወደ 52 ብትወርድ ከሕጉ ብዙ ትርቃለህ። ከቀነስክ በኋላ ሳይቱን አስተካክል፤ ፍላጻህ ለአዲሱ ክብደት ጠጠር እንደሚልም አስብ።

ባለ_ሪከርቭ
ማንም ያላነሳው ፊት ነው። ፊት ላይ የሚደረገው ወፍራም ጭምብል መንጋጭላና እጅ መሐል ስለሚገባ እጃችሁ የሚያርፍበትን ነጥብ ያሸሸዋል፤ ክሩ አፍንጫ ጫፍ ላይ ማረፉም አይታወቅም። ቀጭኑን ምረጡ፣ ወይም በእጅ ማረፊያው በኩል ወደ ታች የሚጎተት ይሁን።

ልብስ_ሰፊው
ሪሊዙንም (ክሩን ይዞ የሚለቀውን መሣሪያ) አትርሱት። የእጅ አንጓ ማሰሪያው በጃኬቱ እጅጌ ላይ ከታሰረ ስትስቡ ጨርቁን ይዞ ይንሸራተታል፤ ማስፈንጠሪያው ከጣት ይርቃል። ከጃኬቱ እጅጌ ሥር፣ በቀጭኑ የውስጥ ልብስ ላይ እሰሩት። በወፍራም ጓንት ማስፈንጠሪያው ለጣት አይታወቅም፤ ሳትሰሙት ይለቃችኋል። እየሳባችሁ ሳለ ጣታችሁ ከማስፈንጠሪያው ኋላ ይሁን።

ሰሜን_ኮከብ
የኳስ ካልሲው ከክርን በላይ ካለው ላስቲክ ጋር ሠርቷል፤ ፓውደሩ ሳይነካ ቀረ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ፦ ክንዱ ላይ እንዲህ ካሳሳነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ሦስት ሰዓት እንዴት ይቀመጣል? ወፍራሙን ጃኬት ደርቦ ቆይቶ አጋዘኑ ሲመጣ ማውለቅ ይቻላል?

ጋሼ_ማማ
አይቻልም። አጋዘኑ ሲታይህ ለማውለቅ የምታደርገው እንቅስቃሴና የዚፕ ድምፅ አንድ ላይ ያስበረግጉታል። ከተቀመጥክበት ደቂቃ ጀምሮ የምትስብበትን ልብስ ነው ለብሰህ የምትቀመጠው። ውፍረቱን ክሩ ወደማይደርስበት ቦታ አዛውረው፦ ከውስጥ ጠባብ የሜሪኖ ሱፍ፣ በላዩ ሰውነት የሚይዝ ፍሊስ፣ ከዚያ እጅጌ የሌለው የላባ ሰደርያ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ቀጭን ጃኬት። ደረትና ጀርባ ሲሞቁ ክንድ ያን ያህል ውፍረት አይጠይቅም። እጆችህን ወገብህ ላይ በሚታሰረው የእጅ ማሞቂያ ከረጢት ውስጥ ክተታቸው፤ ሁለት የኬሚካል ማሞቂያ ጨምርበት። ማሞቂያው የብረት ዱቄት ነው፣ የሚሞቀው አየር ሲያገኝ ነው፤ ስለዚህ ከመውጣትህ በፊት ከፍተህ አንቀሳቅሰው፣ አየር በማይገባበት ኪስ አትዝጋበት።

ወደ ማማው ስትሄድ የላይኛውን ጃኬት ቦርሳህ ውስጥ አድርገህ ብርድ እየተሰማህ ሂድ፤ ላብህ ልብሱን ካራሰው ምንም ብትደርብ አይሞቅህም። ጋቢ ካለህ እግርህ ላይ አድርገው፣ ትከሻህ ላይ እንዳታደርገው። ስትነሳ መሬት እንዳይወድቅ አንዱን ጫፍ ከወንበሩ ጋር አስረው።

ሰሜን_ኮከብ
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ጋቢውን እናቴ ከላከችው ላይ ነው የማወጣው፤ የአጋዘን ደም እንዳይነካው ብቻ።

ጋሼ_ማማ
ከማማው ላይ ከረጢት ውስጥ አድርገህ በገመድ አውርደው፤ ደጋኑም በገመድ ነው የሚወጣውም የሚወርደውም፣ ፍላጻው ከላዩ ወልቆ።